የሚያንጠባጥብ አሮጌ ኮሮላ፦ ዘይት እየጨመሩ መንዳት፣ ከፊሉን መጠገን ወይስ ሞተር ማውረድ?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ግን መኪናው ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወጣል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየተጨነቀ ሲወጣ ዘይቱ ይሞቃል፣ ይቀጥናል፤ ሜዳ ላይ ዝም ብሎ የነበረ የደከመ የዘይት መከላከያ ጎማ ሁሉ ያን ጊዜ ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ቆሞ ያደረው መኪና ሥሩ ደረቅ ሆኖ ይገኛል፤ ከኮምቦልቻ ተመልሶ የቆመው ደግሞ በግማሽ ሰዓት አስፋልቱን ያጠቁራል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው 4ኤ-ኤፍኢ የተባለውን 1.6 ሊትር ሞተር ለያዘ አሮጌ ኮሮላ ነው። ሞተሩ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በብዙ ኮሮላዎችና በአንዳንድ ሴሊካዎች ላይ ተገጥሟል። ሌላ አሮጌ ጃፓን ሠራሽ መኪና ያለውም ቢሆን ቁጥሮቹን በራሱ ሞተር መጽሐፍ እያስተካከለ ሊከተለው ይችላል። ባለመኪናው ፊት ያሉት ምርጫዎች አራት ናቸው፤ እየጨመሩ መንዳት፣ የሚያፈሰውን ብቻ መቀየር፣ አንድ ጊዜ ሲፈታ አብረው የሚቀየሩትን በአንድ የእጅ ዋጋ መጨረስ፣ ወይም ሞተሩን አውርዶ ማደስ አለዚያም መለወጥ። አራቱም ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ስህተት የሚሆነው ምንጩን ሳያውቁ መምረጥ ነው፤ በዚህ ከተማ አሮጌ መኪና ላይ ከሚባክነው ገንዘብ ብዙው የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

ምንጩን ማግኘት

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ መሬት ላይ የሚታየው ጠብታ የሚናገረው የመጨረሻውን ጫፍ እንጂ የተነሳበትን ቦታ አይደለም። የሚፈለገው ከሁሉ በላይ ያለው እርጥብ ቦታ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዲስትሪቢዩተሩን፣ አልተርኔተሩንና የአየር ማስገቢያውን በላስቲክ ይሸፍኑ። ቅባቱን በብሩሽና በነጭ ጋዝ ያርሱት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ በሳሙና ውሃ ያጥቡት፣ በደንብ ያድርቁት። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማሳጠብ ይቅር፤ ውሃው ካንዴላ ጉድጓድና የሽቦ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባና አዲስ ጣጣ ያመጣል። ሲደርቅ በተጠረጠሩት ቦታዎች ላይ የሕፃን ፓውደር ይነስንሱ። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው ይመለሱ፤ የደሴ ሰው ከዚህ የተሻለ መፈተሻ መንገድ አያገኝም። ሲመለሱ ሞተሩን ሳያጠፉ በባትሪ ብርሃን ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ፓውደሩ ላይ ቡናማ መስመር የተነሳበት ቦታ ምንጩ ነው። ማታ ደግሞ ጎማዎቹ የሚቆሙበትን ምልክት አድርገው ከሥሩ ካርቶን ያንጥፉ።

በካርቶኑ ላይ ያለውን ፈሳሽም ይለዩ። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ወፈር ይላል፣ ሲሸት አፍንጫ የሚመታ የድኝ ሽታ አለው። ቀላ ያለ ከሆነ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ቀጠን ብሎ ወደ ነጭ ወይም ቢጫ የሚያደላና ጎማ አጠገብ የወደቀ ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ስለ ሞተር ማሰብ ትተው መኪናውን ያቁሙ። የደሴን ቁልቁለት ያለ ፍሬን የሚሞክር የለም።

አሁን በጣም ውድ ወደሚያስወጣው ስህተት እንምጣ። መኪናው ክሪክ ላይ ይወጣል፣ መካኒኩ ከሥሩ ገብቶ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ዘይት ያያል፤ «የኋላ ፓራሊዮ ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ» ይላል። ፓራሊዮ የሚባለው በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚይዝ የጎማ ቀለበት ነው። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ነገር ግን በዚህ ሞተር ላይ ዲስትሪቢዩተሩ የተተከለው በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጫፍ፣ ልክ ከካምቢዮው በላይ ነው። በመሰኪያው ዙሪያ ያለችው ቀለበት ጎማ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ትደርቃለች፤ ስትወጣ እንደ ጎማ አትለጠጥም፣ እንደ ፕላስቲክ ቀጭ ብላ ትሰበራለች። በሷ የሾለከው ዘይት በቴስታታው ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ላይ ያርፍና የኋላውን ፓራሊዮ ይመስላል። የቴስታታ ክዳኑ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በዚያ ጥግ ሲደክምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ካምቢዮ ይውረድ ከመባሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ከዲስትሪቢዩተሩ ሥር ያለው ብረት ደረቅ ነው? በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ የጎማ ቀለበቷን ይቀይሩ፣ ያጽዱ፣ 200 ኪሎ ሜትር ነድተው እንደገና ይዩ። የቀለበቷ ዋጋ ካምቢዮ ከማውረጃው የእጅ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሌሎች ቀላል ምንጮችም መታለፍ የለባቸውም። ፊልትሮ ሲቀየር የአሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከላዩ ሲጠብቅ ሁለት ጎማ ተደራርቦ ዘይቱ በደቂቃዎች ይወርዳል። የማፍሰሻው ብሎን ሮንዴላ ደጋግሞ ሲጠብቅ ይጠፈጠፋል፤ በየቅያሪው አዲስ ማድረግ ነው። የዘይት ግፊት ስዊቹ ራሱ በሽቦው መግቢያ በኩል ያለቅሳል። እነዚህን ሦስቱን ሳያዩ ምንም ነገር አያስፈቱ።

መተንፈሻው ሳይታይ የዘይት ጎማ አይቀየርም

በፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን ባለው የብረት ቀለበት) በኩል ሁልጊዜ ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ያልፋል። ሞተሩ ያንን ጋዝ የሚያወጣው ክዳኑ ላይ በተሰካች ፒሲቪ በምትባል ትንሽ ቫልቭ ነው። እሷ በቆሻሻ ከተደፈነች ጋዙ መውጫ ያጣና ዘይቱን በደከመው ጎማ ሁሉ ይገፋል። አዲስ ፓራሊዮ ተገጥሞ በሁለት ወር ውስጥ እንደገና ያፈሰሰ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው፤ መካኒኩም ዕቃውም በከንቱ ይታማሉ።

ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ቫልቯን ከክዳኑ ይንቀሉና አፏን በጣት ይድፈኑ፤ ጣትዎን መሳብ አለባት። ሞተሩን አጥፍተው ሲነቀንቋት ቅጭልጭል ማለት አለባት። ካላለች ይለውጧት፣ የሚያገናኛትንም ቱቦ አብረው ያጽዱ። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው አፉ ላይ ቀጭን ወረቀት ያስቀምጡ። ወረቀቱ በመጠኑ ከተሳበ ደህና ነው። ቫልቯ አዲስ ሆና ወረቀቱ የሚገፋና ጭስ ቡፍ ቡፍ የሚል ከሆነ ግን ፋሻው አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ ጓርኒሲዮን መቀየር ለጊዜው ማስታገሻ ብቻ ይሆናል።

አንደኛው ምርጫ፦ እየጨመሩ መንዳት

ይህ ምርጫ ስንፍና አይደለም፤ ቁጥሩ ከፈቀደ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። አንድ ጠብታ ዘይት የአንድ ሚሊ ሊትር ሃያኛ ያህል ነው። ሞተሩ እየሠራ በየደቂቃው አንድ ጠብታ የሚጥል መኪና በሰዓት 3 ሚሊ ሊትር ያጣል፣ ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። በየ10 ሴኮንዱ የሚጥል ከሆነ በሰዓት 18 ሚሊ ሊትር ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ለሚነዳ ሰው በወር ከ1 ሊትር በላይ ይሆናል።

በኪሎ ሜትር መያዝ ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚሄድና በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 1 ሊትር የሚያጣ መኪና በዓመት 18 ሊትር ይጠጣል። የዚህ ሞተር ሙሉ ቅያሪ ከነፊልትሮው 3.2 ሊትር ስለሆነ፣ ባለመኪናው በዓመት ከአምስት ቅያሪ በላይ ዘይት መንገድ ላይ አፈሰሰ ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ የክዳን ጓርኒሲዮንና የዲስትሪቢዩተር ቀለበት ሳይቀየር መክረም አያስኬድም። የሚያጣው በ5,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን የዓመቱ ኪሳራ ከአንድ ቅያሪ ብዙም አይበልጥም፤ ታይሚንግ ቺንጊያው (የካም ዘንጉን የሚያዞረው ቀበቶ) ወይም ፍሪሲዮኑ የሚቀየርበት ጊዜ እስኪደርስ መጠበቅ ይቻላል።

የሚጠብቅ ሰው ሥርዓት ይያዝ። ዘይት በየሳምንቱ ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ይለካል። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ግን ዳገት ላይ የተለካ ዘይት ይዋሻል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ይምረጡና ሁልጊዜ እዚያው ይለኩ። ሲጎድል ሩብ ሊትር ሩብ ሊትር እያደረጉ ይጨምሩ፤ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። ጠመዝማዛው ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ካለ ፖምፓው አየር እየሳበ ነው፤ ወዲያው ጥግ ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። እንዲሁም «ሁልጊዜ አዲስ ዘይት እየጨመርኩ ነው» ብሎ ቅያሪውን መዝለል አይገባም። የፈሰሰው ዘይት ቆሻሻውን ሁሉ ይዞት አልሄደም፣ ፊልትሮውም ያው አሮጌው ነው።

የፈሰሰው መጠን ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የማይጠበቅባቸው ቦታዎች አሉ። ትኩስ የጭስ ማውጫ ላይ የሚወድቅ ዘይት ይጨሳል፣ እሳትም ያስነሳል። ታይሚንግ ቺንጊያ ላይ የሚረጭ ዘይት ጎማውን ያሳብጠውና ጥርስ ያስዘልላል። ይህ ሞተር ቺንጊያው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩበትም፤ ነገር ግን ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። ፍሪሲዮን ላይ የደረሰ ዘይት ደግሞ ዲስኩን ያንሸራትታል፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ዳገቱን አልወጣም ሲል ምልክቱ ይሄው ነው። ካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ዘይትም የካንዴላ ገመዱን ጎማ ይበላና ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በእነዚህ በአራቱ ላይ ምርጫው ጥገና ብቻ ነው።

ማፍሰስ ያቆማል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን መድኃኒት በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው። ጎማን የሚያለሰልሰው ዓይነት በደረቀ ፓራሊዮ ላይ ለጥቂት ወራት ሊረዳ ይችላል፤ ለተቀደደ ጎማ፣ ለተጨፈለቀ ጓርኒሲዮንና ለላላ ብሎን ምንም አያደርግም። ዘይቱን በማወፈር ማስቆምም እንዲሁ ነው። 20ደብልዩ-50 ለኮምቦልቻና ለባቲ ሙቀት ይስማማል፤ በደሴ ብርዳማ ጠዋት ግን ሞተሩ ሲነሳ ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። ደሴ ለሚያድር ደህና ሞተር 10ደብልዩ-40 ይሻላል።

ሁለተኛው፦ አንዱን ነጥሎ መጠገን

ምንጩ ከላይ ከሆነ ይህን ይምረጡ። ሥራው አጭር፣ ዕቃው ርካሽ ነው፤ ሌላ ነገር ማውረድም አይጠይቅም።

የክዳን ጓርኒሲዮን ልምድ ላለው ሰው ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ ሆኖም በብዛት የሚበላሸው ሥራም እሱ ነው። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅና ከመጠን በላይ ሲልከን። የክዳኑ ዳዶዎች የሚፈልጉት 6 ኒውተን ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የቶርክ ቁልፍ ከሌለ ቁልፉን ከጭንቅላቱ አጠገብ በሁለት ጣት ይዞ እስኪነካ፣ ከዚያ ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው። ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር ይጠበቃል። ማፍሰሱን ለማቆም ዳዶውን እየደጋገሙ ማጥበቅ ጎማውን ጨፍልቆ ክዳኑን ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጎማም አይይዝም። ጓርኒሲዮኑ በደረቁ ይገጠማል፤ ሲልከን የሚነካው የካም መያዣዎቹ ከቴስታታው ጋር በሚጋጠሙባቸው ጥጎች ብቻ፣ በምስር ፍሬ መጠን ነው። የዳዶዎቹን ጎማና የካንዴላ ጉድጓዶቹን ማኅተም በዚያው ጊዜ ይቀይሩ፤ እነሱን አሮጌ ትቶ ክዳን መክደን ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

የዲስትሪቢዩተሩ ቀለበት ደግሞ እንዲህ ነው። ከመፍታትዎ በፊት ዲስትሪቢዩተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በቀለም ወይም በጭረት ምልክት ያድርጉ። ብሎኖቹን ፈተው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ወጥቶ ሳለ ሞተሩን ማንም እንዳያዞረው። ጎድጓዳውን በጨርቅ ያጽዱ፣ አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብተው ያስገቡ፣ ምልክቱን አጋጥመው ይሰሩ። በመጨረሻ የማቀጣጠያ ጊዜውን በታይሚንግ ላይት ያሳዩ፤ መጽሐፉ የሚለው የፍተሻ ሽቦው ተጋጥሞ 10 ዲግሪ ነው።

ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) የሚያፈስ ከሆነ በዚህ ሞተር ላይ የሚዘጋው በሲልከን ነው። ሁለቱም ፊቶች ከአሮጌው ሲልከንና ከዘይት ፍጹም መጽዳት አለባቸው። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ያልተቆራረጠ መስመር ከብሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ይሰመራል፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይገጠማል። መስመሩ ሲወፍር ትርፉ ወደ ውስጥ ይጨመቅና ተቆርጦ ይወድቃል። የወደቀው ዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ ይለጠፋል፤ ትንሽ ማፍሰስን ለማስቆም ሲባል ሞተሩ በዘይት እጥረት ይነክሳል። ኮፓ በተከፈተ ቁጥር ወንፊቱን ማየት ግዴታ ነው። ሲልከን በብርድ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ደሴ ውስጥ ዘይት ከመሙላት በፊት ሌሊቱን ማሳደር ይበጃል።

ሦስተኛው፦ አብረው የሚፈቱትን አብሮ መጨረስ

ብዙ ጊዜ የምንመክረው ይህንን ነው። አሮጌ መኪና ላይ ገንዘቡን የሚበላው ፓራሊዮው ሳይሆን እሱ ጋር ለመድረስ የሚፈታው ነገር ነው። ስለዚህ የእጅ ዋጋውን አንድ ጊዜ ከፍሎ በዚያ በኩል ያለውን ሁሉ መጨረስ ያዋጣል።

የፊቱ ጥቅል ታይሚንግ ቺንጊያ፣ መወጠሪያው ከነኩሽኔታውና ስፕሪንጉ፣ የካም ፓራሊዮና የክራንክ የፊት ፓራሊዮ ነው። የውሃ ፖምፓውም በዚያው ጎን ስላለ መላላቱና ማልቀሱ ይታይ። ቺንጊያው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ የተቀየረበት ቀን የማይታወቅ መኪና ከገዙ ደግሞ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ይጀምሩ። ፓራሊዮ ሲወጣ ካቻቢቴው ዘንጉን እንዳይጭረው፤ የተጫረ ዘንግ አዲሱን ጎማ ይቆርጠዋል። አሮጌው ጎማ ዘንጉ ላይ ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ፈጥሮ ከሆነ አዲሱን 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ አድርገው ከንፈሩ በጤነኛው ብረት ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ከንፈሩ ግራሶ ወይም ዘይት ይቀባል፣ ልኩን የያዘ ቱቦ ተደግፎ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ይገባል። ፑሌጊያው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው መዘውር) ታስሮ ካለቀ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምልክቶቹ መግጠማቸውን ሳያዩ ሞተሩን በቁልፍ አያስነሱ። የፑሌጊያው ብሎን 118 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፤ በግምት የሚታሰር አይደለም።

የኋላው ጥቅል ፍሪሲዮን፣ የክራንክ የኋላ ፓራሊዮ፣ የካምቢዮ መግቢያ ፓራሊዮና የሁለቱ አክስል ፓራሊዮዎች ናቸው። እዚህ ላይ መወሰኛው ፍሪሲዮኑ ነው። እየተንሸራተተ ወይም ወደማለቁ ከሆነ ካምቢዮው አንድ ጊዜ ወርዶ ሁሉም ይለወጥ። ፍሪሲዮኑ ገና ከሆነና ፓራሊዮው ላብ ያህል ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ይጠብቅ። ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ተደግፎ መቆም ስለሚበዛ ያ ቀን ከሜዳ ከተማ ይልቅ ቶሎ ይመጣል። የተገላቢጦሹን ስህተት ግን አይፈጽሙ፤ ፍሪሲዮን ሲቀየር «ፓራሊዮው ደህና ነው» ብሎ አሮጌውን መተው የአንድ ትንሽ ጎማ ዋጋ ቆጥቦ ሙሉ የካምቢዮ ማውረጃ መልሶ መክፈል ነው።

አራተኛው፦ ሞተር ማውረድ

ሞተር ይውረድ ሲባል በሩ የሚከፈተው በኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት በሚያሳይ መሣሪያ) ነው፤ ደሴ ላይ ግን ይህ መለኪያ ብዙ ደህና ሞተር አስፈርዶበታል። የዚህ ሞተር መጽሐፍ ጤነኛ ሲሊንደር 191 ፒኤስአይ፣ ዝቅተኛው ደግሞ 142 እንደሆነ ይናገራል። እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ወለል አየርን ያሰቡ ናቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እዚህ ፍጹም ጤነኛ ሞተር ቢለካ የሚያሳየው 140 አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ 150 ገደማ። «ከዝቅተኛው በታች ነው፣ ፋሻ ጨርሷል» ተብሎ የተፈረደበት ሞተር ምንም ላይሆን ይችላል።

እዚህ የሚታየው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይለካል። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው እንደገና ይለኩ፤ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው።

ልዩነቱ ከሰፋ፣ መሙያው ጭስ ከገፋና መኪናው ሰማያዊ ጭስ እያወጣ ዘይት ከጠጣ ሦስተኛው ምርጫ ገንዘብ መጣል ነው። የቀረው ማደስ ወይም ያገለገለ ሞተር መግዛት ነው። ማደስ የታወቀ ብረትዎን ይዞ ያቆያል፣ የሞተር ቁጥሩም አይቀየርም፤ ጥሩነቱ ግን ሲሊንደሩን በሚቦርሸውና በሚለካው ቶርኖ ቤት ላይ ይንጠለጠላል። ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ጤንነቱ ግን ከተገጠመ በኋላ ነው የሚታወቀው። ከመግዛትዎ በፊት የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ውስጡን ይዩ፤ ጥቁር ጭቃ ካለ ይተዉት። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ የግዥ ሰነዱን ይያዙና ለውጡን ተሽከርካሪ በሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ፤ ይህ ካልተደረገ መኪናው ሲሸጥ ችግሩ ይወጣል። የተገዛውም ሞተር መሬት ላይ ሳለ ከላይ የተዘረዘሩት ፓራሊዮዎችና ቺንጊያ ሁሉ ይቀየሩለት፤ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ያው ሥራ እጥፍ ያስከፍላል።

ዕቃው ከየት፣ ምን ዓይነት

ኮምቦልቻ የባቲና የሚሌ መንገድ ከባድ መኪናዎች የሚያልፉባት ናት፤ የብረት ሥራና የናፍጣ ሞተር እጅ ይበረታል። ለአሮጌ የቤት መኪና መጀመሪያ ደሴ ያሉትን መለዋወጫ ቤቶች ይጠይቁ፣ ያልተገኘውን ከአዲስ አበባ ያስመጡ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ይበዛል። ወደዚያ ሲያዙ «የኮሮላ ፓራሊዮ» ብቻ አይበሉ፤ የሞተሩን ዓይነት፣ የሻንሲ ቁጥሩንና አሮጌው ፓራሊዮ ላይ የተጻፉትን ሦስት ቁጥሮች በፎቶ ይላኩ። ቁጥሮቹ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት ናቸው፤ እነሱ ከገጠሙ ዕቃው ይገጥማል። የተሳሳተ ዕቃ 400 ኪሎ ሜትር መልሶ መላክ መኪናውን ሳምንት ያስቆመዋል።

ለክራንክ፣ ለካምና ለቺንጊያ ኦርጅናል ወይም ስሙ የታወቀ የጃፓን ሥራ ይግዙ። ለክዳን ጓርኒሲዮንና ለኮፓ ሲልከን መካከለኛው በቂ ነው። ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ ያገለገለ አይገዛም።

የስፖርት ዓይነቱን 4ኤ-ጂኢ ሞተር የያዙ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ። ክዳኑ ሁለት ስለሆነ ጓርኒሲዮኑም ሁለት ነው፣ ሞተሩም በከፍተኛ ዙር ስለሚነዳ ዘይቱ ቶሎ ይሞቃል። መጠበቅ የሚባለው ምርጫ ለእነሱ ጠባብ ነው።

በጀቱን እንዴት እንደምንይዘው

የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር በብር የተጻፈ በጀት ቶሎ ያረጃል። የሚበጀው መለኪያ አንድ ሙሉ የዘይት ቅያሪ ነው፤ 3.2 ሊትር ዘይትና አንድ ፊልትሮ በዛሬው ዋጋ። ማንኛውንም ጥገና «ስንት ቅያሪ ያህል ነው?» ብለው ይመዝኑት፣ ከዚያ መኪናው በዓመት ከሚያፈሰው ጋር ያስተያዩት። ጥገናው ከአንድ ዓመት ፍሳሽ የሚያንስ ከሆነ ዛሬ ይሠራ። የሁለት ዓመት ፍሳሽ ያህል ከሆነ ከቺንጊያ ወይም ከፍሪሲዮን ጋር ይጣመር። ከዚያ በላይ ከሆነና አደገኛ ከተባሉት አራት ቦታዎች ካልሆነ ይጠብቅ።

የወሩን ገንዘብ በሦስት ይክፈሉት። የመጀመሪያው በየ5,000 ኪሎ ሜትር ለሚደረገው ቅያሪ ነው፤ በወር 1,500 ለሚነዳ ሰው የአንዱን ቅያሪ 30 በመቶ በየወሩ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ለፊቱ ጥቅል ነው፤ 100,000 ኪሎ ሜትር በዚህ አነዳድ 67 ወር ገደማ ስለሆነ የጥቅሉ ዋጋ ለቀሩት ወራት ይካፈላል። ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ግን ለ6 ወር ይካፈል። ሦስተኛው ሳይታሰብ ለሚመጣ ነው፣ ከሁለቱ ድምር ግማሽ ቢሆን ይመረጣል። የኋላውን ጥቅል በእቁብ መያዝ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዕጣው ሲወጣ ዕቃው ወዲያው ይገዛ፣ ገንዘቡ ብር ሆኖ ሲቀመጥ ዋጋው ያመልጣል። ፓራሊዮ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ በማሸጊያው ውስጥ ዓመታት ይቆያል።

ለሁሉም የሚያስፈልገው ዳሽቦርዱ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ደብተር ነው። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረ ዘይት በሊትር፣ የተቀየረ ዕቃ። ከጥገና በኋላ በ100 እና በ500 ኪሎ ሜትር ላይ ያው ቦታ በጣት ይዳሰስና ደረቅ ወይም እርጥብ ተብሎ ይጻፍ። እርጥብ ከሆነ መኪናውን ወደ ሠራው ጋራዥ የሚመለሱት ያኔ ነው፣ ዘይቱ ወርዶ ከሌላ ቦታ የመጣ ከመሰለ በኋላ አይደለም።